«ማርሹ ይጮሃል እንጂ ይገባል»

«ማርሹ ይጮሃል እንጂ ይገባል» አለኝ ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ።

«ሙሽራም እያለቀሰች ትገባለች። እሷ ግን ትለምዳለች፤ ካምቢዮ አይለምድም» አልኩት።

ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያን ጩኸት አውቀዋለሁ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያሳልፍ የሚሰማ፣ ቆርቆሮ በኮንክሪት ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ጅማ መንደራ ቆጪ ውስጥ ካምቢዮ ሲያወርዱና ሲሰቅሉ ከኖሩት አንዱ ነኝና ጥቅምት ሲገባ እንቅልፍ አጣለሁ። ቡናው ሲቀላ የጎማ፣ የጌራ፣ የሊሙ፣ የማና፣ የሰቃ ፒክአፕ ሁሉ ከተኛበት ይነሣል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው ጋ መድረስ አለበት፤ በማዳበሪያ ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ የቆመ ካምቢዮ የባለመኪናውን ኪስ ብቻ አይጎዳም። ጠዋት ቅርጫት ይዛ ጫካ የገባችውን ሴት የቀን ድካምም ይዞ ይቆማል።

ስለዚህ በተረብ እመልሳለሁ። ምክር የጅማ ሾፌር ጆሮ ላይ አይቆይም፤ ተረብ ግን ሲወጋው ዞር ብሎ ያያል።

«ስንት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ የካምቢዮውን ዘይት ነክቼ አላውቅም» የሚል አለ፤ እንደ ጀብዱ ነው የሚያወራው።

«ካምቢዮ ማለት በጣሊያንኛ ለውጥ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ለውጠኝ እያለህ ነው አንተ ዘይቱን የነፈግኸው!»

ስሙ በእርግጥ የጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን እዚህ ሲቀመጥ ጅማ ላይ ሕንፃ ገተረ፣ መንገድ ጠረገ፤ ሲሄድ ደግሞ የጋራዡን ቋንቋ ትቶልን ሄደ። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ጋቢና፣ ፍሬን ሁሉም የእሱ ናቸው። እኛም የራሳችን አድርገናቸዋል፤ ዛሬ አንድ የሰቃ ልጅ «ፍሪሲዮኑ ተበላ» ሲል የባዕድ ቃል ተናገርኩ ብሎ አያስብም። ቃሉን እንዲህ የወረስን ሰዎች አያያዙን አለመውረሳችን ነው የሚቆጨኝ።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ካምቢዮ ውስጥ የሚገባው ዘይት ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ብቻ ነው። ለሞተሩ በየጊዜው ዘይት የሚቀይር ሰው ለዚህች ሦስት ሊትር ይሰስታል። «የሞተር ዘይት ይጠቁራል፣ ይቃጠላል፤ የካምቢዮ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የሚረግፈው ብናኝ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እንደ ሞተሩ የሚያጣራለት ፊልትሮ የለውም። ብዙ የአምራች መመሪያዎች 40,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቀይሩ ይላሉ። ያ ለአስፋልት ነው። ጭቃ የሚያርስ፣ ወንዝ የሚሻገር፣ ዳገት ለዳገት ቡና የሚያመላልስ መኪና ግማሹ ላይ መቀየር አለበት ባይ ነኝ።

«አይቀንስም እኮ፤ ፈሰሰ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«ካልፈሰሰ፣ ሌሊት የቆመበት ድንጋይ ለማን አዝኖ ጠቆረ?»

ያን ማርሹ የሚጮኸውን ነጭ ፒክአፕ ከጉድጓዱ ላይ አቆምነውና ገባሁበት። ልጁ፣ ለማጅ ነው፣ ቁልፍ ይዞ በቀጥታ ወደ ታችኛው ብሎን ሄደ። እጁን ያዝኩት። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው በጎን ያለው የመሙያው ብሎን ነው። የታችኛውን ፈትተህ ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ የላይኛው ዝጎ እንቢ ቢልህ፣ ወይ ጥርሱ ቢላጥብህ፣ ዘይት የሌለው መኪና ጉድጓድ ላይ አስቀርተህ ነው የምትተኛው። የላይኛው በግድም ቢሆን ተፈታ። ልጁ ትንሿን ጣቱን ሰደደ። ደረቅ። ሜዳ ላይ በቆመ መኪና ዘይቱ ከዚያ ቀዳዳ ከንፈር ጋር እኩል መሆን ነበረበት። ጣቱን ቆልምሞ ወደ ታች ቢያወርድም ጫፉን እንኳ አላረጠበውም።

ከዚያ የታችኛውን ፈታን። የወጣው አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ግራጫ ነገር ነው። ብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀውን በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መካከል አሸሁት። እንደ ኩል የላመ ጥቁር ከሆነ አትደንግጥ፤ ያ የዕድሜ ነው፣ ሁሉም ካምቢዮ ያመጣዋል። ጣትህን የሚወጋ ስባሪ ካገኘህ ግን ጥርስ ተሸርፏል። የእኛው ልም ነበር። ትሪውን ወደ ፀሐይ ሳዘነብለው ግን በዘይቱ ውስጥ ወርቅማ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ። ማግኔት የማይዘው፣ ነሐስ ነው።

«ወርቅ አገኘህ?» አለ ሾፌሩ ከላይ።

«ወርቅማ ቀለበትህን ነው ያገኘሁት፤ ደቅቆ።»

በየማርሹ መካከል ሲንክሮናይዘር የሚሉት የነሐስ ቀለበት አለ። ሥራው የሽማግሌ ሥራ ነው። አንዱ በፍጥነት የሚዞር፣ አንዱ በዝግታ የሚዞር ሁለት ብረት አለ፤ ቀለበቱ መሐል ገብቶ በውስጡ ባሉት ቀጫጭን መስመሮች ይይዝና ፈጣኑን ያበርዳል፣ ዝግተኛውን ያነሣል፤ ፍጥነታቸው ሲስተካከል ነው ጥርስ ከጥርስ የሚገባው። መስመሮቹ ተፍቀው ሲያልቁ ሽማግሌው አቅም አጣ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሳይታረቁ ይጋጫሉ። ጩኸቱ ያ ነው። «ይጮሃል እንጂ ይገባል» የሚለው ሰው ይገባል የሚለው ጠብ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ለእኛው ለጋራዥ ሰዎች የምመልሰው አለኝ፤ ሾፌሩን ብቻ አልወቅስም።

ማርሽ ጮኸ ሲባል ሁሉ ካምቢዮ የሚያወርድ ሜካኒክ አለ። «አውርደነው እንየው» ይላል።

«ራስህን ሲያምህ አንገትህን ታወርዳለህ?»

አንድ ማርሽ ብቻ፣ ሦስተኛው ወይም ሁለተኛው ለብቻው ከጮኸ፣ ቀለበቱን ጠርጥር። ሁሉም ማርሽ ከጮኸ፣ በተለይ የኋላው፣ ካምቢዮውን ተወውና ወደ ፍሪሲዮኑ ሂድ። ሞተሩን በዝግታ አስነሣ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል ረግጠህ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገባ። ጠብቀህም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል፣ የፓምፑ ጎማ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የጎማ ቀለበት ልትቀይር ሲገባህ ሙሉ ካምቢዮ አውርደህ የሁለት ቀን ዋጋ መጠየቅ ለእኔ ሥራ አይደለም።

ድምፁም ቦታውን ይነግራል። ዜሮ ላይ ቆሞ ፍሪሲዮኑን ሳትረግጥ የሚያጉረመርም፣ ስትረግጠው ዝም የሚል ከሆነ፣ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው። ሳትረግጥ ዝም ብሎ ስትረግጥ የሚያፏጭ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በጉዞ ላይ ማርሽ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ፣ ጥርሱ የሚይዝበት ጠርዝ ተበልቶ፣ ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ አልቆ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ካምቢዮውን የተሸከመው ጎማ ተቀዶ ሙሉ ካምቢዮው ስለሚወዛወዝ ብቻ ነው። ጆሮ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መፍቻ ከማንሣትህ በፊት ተጠቀምበት።

«ሥራው አልቋል፣ አንድ ብሎን ተርፏል፣ ችግር የለውም» ያለም ሰምቻለሁ።

«ፋብሪካው ብሎን ሳይከፍል ያመረተ መሰለህ እንዴ? ተርፎት ያስገባው ነገር የለም።»

ካምቢዮ ሲከፈት አቧራ ላይ አይከፈትም። ዘንጉ በመዶሻ አይመታም፤ መምታት ግድ ከሆነ እንጨት ወይ ነሐስ በመሐል ይገባል። የወረደበት ጊዜ ሁሉ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱት የዘይት መያዣ ጎማዎች አብረው ይቀየራሉ፤ አሮጌውን መልሰህ ካስገባህ በሳምንቱ ያው ድንጋይ ይጠቁራል። ደንበኛው የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በላስቲክ ተቀብሎ ይሂድ። «ሜካኒክ ሌባ ነው» የሚለው ወሬ የሚሞተው በዚያ ነው፤ አሮጌውን ያየ ሰው ስለ አዲሱ አይጠራጠርም።

የፈሰሰው ዘይትስ? ጉድጓዱ ዳር ወዳለው ቦይ የሚያንቆረቁረው አለ። «ዝናቡ ያጥበዋል» ይላል።

«ዝናቡ የት ነው የሚያጥበው? አዌቱ ውስጥ። አዌቱ ላይ ልብስ የምታጥበው ማን ናት? እናትህ።»

ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ከፍ ይበል። በርሜል አለ፣ ጀሪካን አለ። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ላይ ግራጫ ዘይት መልቀቅ ሌላ ስም የለውም።

ወንዝ ካነሣን፣ ትልቁ ጥፋት እዚያ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ የገጠሩ መንገድ ላይ ድልድይ የሌለው ጅረት ሞልቷል። ሾፌሩ ዳገት ወጥቶ፣ ካምቢዮው ግሎ፣ በቀጥታ ጅረት ውስጥ ይገባል። ከዚያም ውኃው መሐል ቆሞ መኪናውን ያጥባል!

«ውጭውን አጠብክ፤ ውስጡንስ ለምን አጠጣኸው?»

አይገባውም። እንዲህ ነው ነገሩ። ካምቢዮ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መተንፈሻ ቀዳዳ የተሠራለት ለዚያ ነው። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲነከር አየሩ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው ከውኃው በላይ ከሆነ አየር ይስባል። በጭቃ ከተደፈነ፣ ወይም ከውኃው በታች ከሆነ፣ ውኃ ይስባል፤ በተበላ የዘይት መያዣ በኩልም ይገባል። በሁለተኛው ቀን ዘይቱን ብታወጣው ማኪያቶ ይመስላል። ማኪያቶ ካፌ ውስጥ ደስ ይላል፤ ካምቢዮ ውስጥ ግን ኩሽኔታውን ያዝገዋል፣ ጥርሱን ያለ ቅባት ያስቀረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከጅረቱ በፊት ቆም በል፣ ይብረድ። መተንፈሻውን በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል፣ ከፍ አድርገህ እሰር። ከተሻገርክ በኋላ ዘይቱን እይ፤ ከነጣ ዛሬውኑ ይቀየር፣ ነገ አይባልም።

ስለ ጭነት ደግሞ ያው የታወቀ መልስ አላቸው። «የጃፓን መኪና ነው፣ አይሰበርም!»

«ጃፓን አሥር ኩንታል ብሎ ሠራው። ሃያ የጫንከው ጃፓን አይደለም፤ አንተ ነህ።»

አሥር ኩንታል አንድ ቶን ነው፤ አብዛኛው ፒክአፕ የተሠራው ለዚያ አካባቢ ነው። ካሶኒው ላይ ቦታ ስላለ ካምቢዮው አቅም አለው ማለት አይደለም። አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ አራት ጊዜ ገደማ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ታዲያ ሃያ ኩንታል ጭኖ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የሚነሣ አለ፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ፣ እያጨሰ። ሽታው ከመንደራ ቆጪ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። በአንደኛ ተነሣ። ከተነሣህ በኋላ እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ አውርድ። እጅህንም ከማርሹ ዘንግ ላይ አንሣ፤ እዚያ ያሳረፍከው የክንድህ ክብደት ውስጥ ያለውን ሹካ ሙሉ ቀን ይገፋዋል።

«ታዲያ እጄን የት ላድርገው?»

«መሪው ክብ የሆነው ለሁለት እጅ ነው።»

ወደ አዲስ አበባ የሚወጡትም ከአፋቸው የማትጠፋ አለቻቸው። «ጊቤን ዜሮ አድርጌ ነው የምወርዳት፤ ነዳጅ ትቆጥብልኛለች።»

«በቆጠብከው ነዳጅ ማን ይነዳል? አንተ ወንዝ ውስጥ ነህ።»

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋለች፤ የጊቤ ድልድይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሰኮሩ አልፈህ ያን ሁሉ ከፍታ በዜሮ ስትወርድ የሚይዝህ ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ይተዋል። ማርሽ ውስጥ ስትሆን ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። ኢንጀክሽን ያለው አዲሱ ሞተር ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳትረግጥ ስትወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል፤ በዜሮ ስትወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው የሚወርደው። ቆጠብኩ ያልከው ላይ ነው የከፈልከው።

እዚያው ጊቤ ላይ ተበላሽቶ በገመድ ተጎትቶ የሚመጣም አለ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ እስከ ጅማ። «ዜሮ ላይ ስለሆነ ካምቢዮው አርፏል» ይሉኛል። አላረፈም። ሞተሩ ካልዞረ ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጨው የታችኛው ዘንግ አይዞርም፤ የኋላ ጎማው ግን በካርዳኑ በኩል የላይኛውን ዘንግ በደረቁ ሙሉ መንገድ ያዞረዋል። የተበላሸው ሞተር ነበር፣ ጋራዥ ሲደርስ ካምቢዮም ተጨመረበት። አራት ብሎን ፈትቶ ካርዳኑን ማውረድ፣ ወይም የኋላውን አንሥቶ መጎተት ነበር።

ድምፁን ለመደበቅ የሚፈልግስ? «ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ዝም ይላል።» መኪናውን ሊሸጥ ነው። ወፍራም ዘይት የሚጮኸውን አፍ ማፈን ነው፤ የገዛው ሰው ሰኞ ጠዋት ከብርድ ሲያስነሣው ማርሹ እንደ ተጣበቀ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ ለዲፈረንሻል የተሠራውን ጂኤል-5 ዘይት ካምቢዮ ውስጥ ይከታል፤ ያ ዘይት እጅግ ያንሸራትታል፣ ቀለበቱ ደግሞ መያዝ አለበት፤ በውስጡ ያለው ሰልፈርም እንደ ዓይነቱ ነሐሱን ሊበላው ይችላል። የመኪናህ መጽሐፍ ጂኤል-4 ካለህ ጂኤል-4 ነው። 75ደብሊው-90 የሚለው ውፍረቱን ነው እንጂ ሥራውን አይነግርህም፤ ሻጩ በቁጥሩ ብቻ ቢያሳይህ ሌላውንም አንብብ።

«ቢሰበርም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ አመጣለሁ» የሚለውን በርህራሄ ነው የምመልሰው። አምጣ፤ ብዙ ሰው በዚያ ነው የሚኖረው። ግን ከመክፈልህ በፊት የፊት ዘንጉን በእጅህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፣ አዙረው፣ እያንዳንዱን ማርሽ አስገባ፣ የታችኛውን ብሎን አስፈትተህ ማግኔቱን እይ። ሻጩ «አይፈታም» ካለህ፣ አንተም አትፍታው፤ ኪስህን። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በኤክሳይዝ ታክስ ያገለገለ መኪና ማስገባት ምን ያህል እንደ ከበደ ሁሉም ያውቃል። ያለህ ፒክአፕ ያለህ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሐጂ መጡ፤ የቡና ነጋዴ ናቸው፣ መኪናቸውን ልጃቸው ነው የሚነዳው። ተቆጥተዋል። «አባቴ በበቅሎ ቡና ወደ ሂርማታ ሲያመላልስ ሜካኒክ የሚባል ነገር አልነበረም!» አሉኝ። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ስንት ሲራራ ነጋዴ እንደሚያወጣና እንደሚያገባ እዚህ ያደገ ሁሉ ሰምቶታል።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አባትዎ ማታ ጭነቱን ሲያራግፉ የበቅሎዋን ጀርባ በእጃቸው ሳይዳስሱ ይተኙ ነበር?»

«እንዴት ይተኛል! ከቆሰለች ነገ ምን ይጭናል?»

«ልጅዎ ከዚህ መኪና ሥር ከተመለከተ ስንት ጊዜው ነው?»

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ መሬት መሬት አየ። ከዚያ እኚያ ሽማግሌ ኩታቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና በገዛ እጃቸው የካምቢዮውን ሥር ዳሰሱ። እጃቸው ጥቁር ሆኖ ወጣ። መዳፋቸውን ለልጁ ዘርግተው አሳዩት፤ አንድም ቃል አልጨመሩም። እኔም የዚያን ዕለት ተረብ አለቀብኝ።

ነጩ ፒክአፕ አራት ቀን ወሰደብን። የሁለተኛና የሦስተኛ ማርሽ ቀለበቶች፣ የፊት ኩሽኔታው፣ የዘይት መያዣዎቹ ተቀየሩ፤ ጥርሶቹ ደኅና ነበሩ፣ በጊዜ ነው የደረሰው። ለማጁ ልጅ ራሱ ነው የሰቀለው፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ሾፌሩ ሞክሮት ሲመለስ ሦስተኛ ማርሽ በሁለት ጣት ነው የገባችለት። ከጋቢናው ወረደ፤ በመጀመሪያው ቀን ካልወረደባት ከዚያችው ጋቢና። የላስቲኩን ከረጢት ከልጁ ተቀብሎ ከፈተና ያለቀውን ቀለበት በጥፍሩ ፋቀው፤ ልሙጥ ነው፣ እንደ ሠርግ ቀለበት።

«ይቺ ናት ስትጮህ የነበረችው?»

«እሷ ናት።»

ኪሱ ውስጥ ጨመራት። «ዘይቱን መቼ ልቀይር?»

«ቡናው ሲያልቅ፣ ጥር ላይ።»

«ስንት ሊትር ይግባ?»

«ከመሙያው ቀዳዳ ሞልቶ እስኪመለስ።»